ቅሬያችን ለሌሊቱም ይድረስ፦ ቤታችንንና መንገዳችንን በጋራ እንዴት እንጠብቅ?



ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። የዋድላ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በኮንም ሰው ሲሞት ቅሬው ሳይነጋ ይሰማል። ለፋፊው ይዞራል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ መቃብር ቆፋሪው ይወጣል፣ ሴቶቹ እንጀራውንና ውሃውን ይዘው ይደርሳሉ። የቀረ ሰው ይቀጣል። «እኔን ምን አገባኝ» የሚል የለም።

በዚያው ሰፈር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንዲት እናት «ኡኡ! ሌባ!» ብትልስ? እውነቱን እንነጋገር። ብዙው በር አይከፈትም። ነቅቶ የነበረውም መብራቱን ያጠፋል። ሲነጋ ግን ሁላችንም ደጇ ላይ ተሰብስበን «በየት ገቡ? ምን ወሰዱ?» እንላለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ይህ የሚሆነው ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ስለሚፈራ ነው። በ2013 መጨረሻና በ2014 የመጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ሰሜን ወሎን ሲያዳርስ ስንት ቤት ተዘረፈ፣ መብራትና ስልክ ተቋርጦ ሕዝቡ በጨለማ ከረመ። ከዚያም ወዲህ በክልላችን የተኩስ ድምፅ ጨርሶ አልጠፋም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሌሊት የሚሰማው ኮቴ የሌባ ይሁን የታጣቂ በምን ይታወቃል? ብቻውን የሚወጣ ሰው ነፍሱን አደጋ ላይ ይጥላል። ስለዚህ መፍትሔው የአንድ ሰው ጀግንነት ሳይሆን አስቀድሞ የተዘጋጀ ህብረት ነው። ለዚህ ደግሞ አዲስ ድርጅት መፍጠር አያስፈልገንም። የቤተሰብ ዝርዝር ያለው፣ ዳኛና ጸሐፊ ያለው፣ የሚሰበሰብበት ቀን ያለው፣ ቅጣት የሚያስከብር ቅሬ በእጃችን አለ። ለሞታችን የሚደርሰው ቅሬ በሕይወት ሳለን ለሌሊታችንም እንዲደርስ ማድረግ ነው የቀረን። በዚህ ጽሑፍ ይህ እንዴት እንደሚቻል ከቤት ጀምረን ደረጃ በደረጃ እናያለን።

መጀመሪያ የራስ ቤት

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሲመሽ ልጆቻችንን እንድንሰበስብ፣ ስንተኛ በራችንን እንድንዘጋ፣ እሳትና ኩራዝ እንድናጠፋ አስተምረውናል። ግመሉን ፈትቶ በአላህ ይመካ እንደሆነ ለጠየቃቸው ሰውም መጀመሪያ እንዲያስራት፣ ከዚያ በአላህ እንዲመካ ነግረውታል። በር መዝጋት ተወኩልን አያጎድልም፤ የተወኩል አንዱ ክፍል ነው።

የብዙዎቻችን ቤት ድክመት ያለው ቁልፉ ላይ አይደለም። ትልቅ ጓጉንቸር እንገዛና የሚንጠለጠልበትን ብረት በሁለት ሚስማር እንመታዋለን። ሌባው ከጓጉንቸሩ ጋር አይታገልም፤ አንድ ቁራጭ ፌሮ ይዞ ይመጣና ሚስማሩን ይነቅለዋል። መያዣው ብረት እንጨቱን ዘልቆ ከውስጥ በዳዶ በሚጠብቅ ብሎን ይታሰር። የበሩ ማጠፊያ ወደ ውጭ የተገለጠ ከሆነም በሩ በማጠፊያው በኩል ሊነሳ ስለሚችል ይስተካከል። ማታ ማታ ከውስጥ የሚገባ ጠንካራ መቀርቀሪያ ይኑር። ይህ ሁሉ የአንድ ቀን የአናጢ ሥራ ነው።

ቀጥሎ ግድግዳው ነው። ቤት ሰርሳሪ ስሙን ያገኘው ግድግዳ ሰርስሮ ከመግባቱ ነው። ጭቃ ቤት ያለን ሰዎች ግድግዳው መሬት የሚነካበትን ቦታ፣ በተለይ ሰው በማያየው በጓሮ በኩል፣ በድንጋይ ብናጠናክረው ዝናቡም አይበላውም፣ ሌባውም በቀላሉ አይደፍረውም። ከአጥሩ ጋር የተጠጋ የእንጨት ክምርና የድንጋይ ቁልል ለሌባ መሰላል ነውና ይራቅ። የበጉ ጉረኖ ከመኝታ ቤት ርቆ ጥግ ላይ ካለ፣ በጎቹ ሲወጡ ማንም አይሰማም፤ በተቻለ መጠን ወደ ቤቱ ይጠጋ። በጎቹ ላይ ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው ምልክት ይደረግባቸው።

ቁልፍን ከደጃፉ ድንጋይ ሥር ወይም ከጣሪያው ጠርዝ ላይ ማስቀመጥ እንተው። ያንን ቦታ እኛ ብቻ የምናውቀው ይመስለናል እንጂ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የበግ ወይም የእህል ሽያጭ ብር በፍራሽ ሥር አያድር፤ ባንክ ወይም ቴሌብር ላይ ይደር፣ የሚስጥር ቁጥሩም ለልጅ እንኳ አይነገር። ስልካችሁ ላይ *#06# ብትደውሉ 15 አሃዝ ያለው መለያ ቁጥር ይወጣል። ያንን ቁጥር በደብተር ጻፉት። ስልኩ ቢሰረቅና ቢገኝ የእናንተ መሆኑን የምታስረዱት በእርሱ ነው።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ኮን ደጋ ናት፣ ብርዷ ይቆረጥማል። ሌባ ፈርተን በርና መስኮቱን ጥርቅም አድርገን ዘግተን፣ ብርድ ፈርተን ደግሞ የከሰል ምድጃ አስገብተን የምንተኛ አለን። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ የተኛን ሰው በእንቅልፉ ይገድላል። እሳቱ ከመኝታ በፊት ውጭ ይውጣ። መስኮታችን የብረት ፍርግርግ ካለው ደግሞ የበሩ ቁልፍ ቤተሰቡ ሁሉ በጨለማም ቢሆን የሚያገኘው አንድ ቋሚ ቦታ ላይ ከውስጥ ይሰቀል። እሳት ቢነሳ የተቆለፈው ቤት ወጥመድ ይሆናል።

መንገዱም የቤታችን ክፍል ነው

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ተኩል ድረስ በየሰፈራችን ማን እንደሚንቀሳቀስ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? የሡብሒን ሰላት በጀማዓ ለመስገድ ወደ መስጂድ የሚሄዱ አባቶች አሉ። በዚያው ሰዓት ነጠላቸውን ተከናንበው ለኪዳን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ እናቶች አሉ። አውቶቡስ ለመያዝ መናኸሪያ የሚወርዱ መንገደኞች አሉ። ሁሉም በአንድ ጨለማ ውስጥ ያልፋሉ። ለአንዱ የበራ አምፖል ለሌላውም ይበራል።

የመንገድ መብራት ዋጋ በጥናትም ታይቷል። ዌልሽና ፋሪንግተን የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካና በእንግሊዝ የተደረጉ 13 ጥናቶችን ሰብስበው በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጡት ግምገማ፣ መብራታቸው የተሻሻለ ሰፈሮች ካልተሻሻለላቸው ጋር ሲነጻጸሩ ወንጀል ወደ 21 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። የሚገርመው ደግሞ ቅናሹ የሌሊቱ ወንጀል ላይ ብቻ አልነበረም፤ ቀን የሚፈጸመውም ቀንሷል። አምፖል ቀን አይሠራም። ተመራማሪዎቹ ለዚህ የሰጡት ማብራሪያ መብራቱ ሲገባ ነዋሪው ሰፈሩን የእኔ ማለት ይጀምራል፣ ውጭ ውሎ እርስ በርስ መተያየት ይጀምራል የሚል ነው። ሌባን ይበልጥ የሚያሸሸው የነዋሪው ዓይን መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ማዘጋጃ ቤቱ ፖል እስኪያቆም መጠበቅ አይኖርብንም። አንድ 5 ዋት የሆነ አምፖል ሌሊቱን 12 ሰዓት ሙሉ ቢበራ በወር የሚወስደው ኃይል 1.8 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። በአንድ መንገድ ላይ እያንዳንዱ ሦስተኛ ቤት አንድ አምፖል ወደ ውጭ ቢያወጣ መንገዱ በሙሉ ይታያል። የመክፈል አቅም የሌለው ቤት መታጠፊያው ላይ ካለ፣ የእርሱን አምፖል ቅሬው ይሸፍን። መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ደግሞ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ መብራት በየመታጠፊያው አንድ እንኳ ቢኖር ትልቅ ነገር ነው።

ከመብራቱ ጋር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጅጌ የሚሠሩ ሥራዎች አሉ። ክዳን የሌለው ቦይ ይከደን። ሰው የሚደበቅበት ቁጥቋጦ ይመንጠር። ተጀምሮ የቆመ ግንብ ካለ ባለቤቱ ተጠርቶ በሩን ይዝጋ። እንቅፋትን ከመንገድ ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ልጆቻችንን እናስተምራቸዋለን። እንቅፋት ድንጋይና እሾህ ብቻ አይደለም፤ ሴት ልጃችን ለማለፍ የምትፈራው ጨለማ ጥግም እንቅፋት ነው።

ሮንዱ እንዴት ይደራጅ?

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። 60 አባወራና እማወራ ያሉትን አንድ ቅሬ እናስብ። በየሌሊቱ 6 ሰው ቢመደብ፣ ሦስቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ሦስቱ ደግሞ ከ8 ሰዓት እስከ ንጋት ቢጠብቁ፣ ተራው ለአንድ ቤት የሚደርሰው በ10 ቀን አንዴ ነው። በወር ሦስት ግማሽ ሌሊት ማለት ነው። ገበሬውም ነጋዴውም የመንግሥት ሠራተኛውም ሊችለው የሚችል ተራ ነው። አቅመ ደካሞች፣ ሕሙማንና ልጅ ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ከተራው ነጻ ይሁኑ። የበኩሌን ላድርግ ያለች እናት ለተረኞቹ አንድ ጀበና ቡና ብታወጣ ትልቅ ድርሻ ነው።

ለሮንዱ የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ዱላና ስም ዝርዝር የያዘ ደብተር። መሣሪያ ግን አይያዝ። በጨለማ ውስጥ ጠመንጃ የያዘ ሰው ለሚያየው ሁሉ ጠላት ይመስላል፤ የጸጥታ ኃይልም፣ ሌላ ታጣቂም፣ የራሱ ጎረቤትም ሊተኩስበት ይችላል። ፊሽካው የስምምነት ቋንቋ ይኑረው። ለምሳሌ አንድ ረዥም ፉጨት «ነቅተናል» ማለት ይሁን፣ ተደጋጋሚ አጭር ፉጨት «ድረሱ» ማለት ይሁን። «ድረሱ» ሲባል ሁሉም ቤት መጀመሪያ የደጁን መብራት ያብራ፣ ከዚያ ከየቤቱ አንድ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተጠራርቶ ይውጣ። ብቻውን የሚወጣ አይኑር። ሌባ ከሰው ብዛት ይልቅ የሚፈራው ባንድ ጊዜ የሚበራ ሰፈርን ነው።

ሮንዱ ከመጀመሩ በፊት የተረኞቹ ዝርዝርና የሚዞሩበት መንገድ በጽሑፍ ለቀበሌውና ለፖሊስ ይሰጥ። ሰዓት እላፊ ከታወጀ ሮንዱ አይወጣም። ያን ጊዜ ተረኞቹ ከየግቢያቸው ሆነው ይንቁ፣ በፊሽካና በስልክ ይነጋገሩ። ንብረት ይተካል፤ ነፍስ አትተካም።

ይህ የእኛ ብቻ ልማድ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያው የጎረቤት ጥበቃ ቡድን በ1982 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ሞሊንግተን በምትባል መንደር ነው። የእነዚህ ቡድኖች መርሕ ቀላል ነው፤ አስተውል፣ ተነጋገር፣ ለፖሊስ አሳውቅ። ሌባ ማሳደድና መቅጣት የቡድኑ ሥራ አይደለም።

የጆንያው ታሪክ

ይህንን የመጨረሻውን ነጥብ አጥብቀን የምንናገረው በምክንያት ነው። በማስተማር ሥራ ላይ በነበርንባቸው ዓመታት ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር አንድ ተማሪ ነበረን። አንድ እሑድ ከቤተሰቦቹ ዘንድ ሲመለስ መሸበት። ጆንያ ተሸክሞ በሰፈሩ ሲያልፍ ጥበቃዎች አስቆሙት። አያውቁትም። ደንግጦ መልስ ሲያጣ «ሌባ!» የሚል ድምፅ ተነሳ። ከየቤቱ የወጣው ሰው ሳይጠይቅ መታው። ቆይቶ ጆንያው ሲፈታ የሳምንት ስንቁ ወጣ፤ እንጀራ፣ ሽሮና በሶ። ልጁ ቀኝ እጁ ተሰብሮ የዚያን መንፈቅ ፈተና ሳይጽፍ ቀረ። የመቱት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ከመካከላቸው የራሳቸው ልጆች በሌላ ከተማ ተከራይተው የሚማሩ ነበሩ።

በአገራችን ታሪክም ተመሳሳይ ትምህርት አለ። ድሮ ዕቃ ሲጠፋ በአውጫጭኝ የአካባቢው ሰው በሙሉ ተሰብስቦ ሌባው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር። ጥፋቱ የሁላችን ነው ማለቱ መልካም ጎን ነው፤ ሥራ ፈትቶ የሚቀጣው ግን ንጹሑም ነበር። ሌባሻይ የሚባለው ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። የሚያደነዝዝ ነገር የጠጣ ልጅ እየተደናበረ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ልማዱ ኋላ ላይ በመንግሥት ተከለከለ። ይሁን እንጂ በጩኸት ብቻ ተነስተን ያገኘነውን መንገደኛ ስንመታ እኛም ሌባሻይ ላይ ነን።

ስለዚህ ሮንዱ ከመውጣቱ በፊት ጥቂት ደንቦች በቅሬው ስብሰባ ጸድቀው ይነበቡ።

አንደኛ፣ ተጠርጣሪ ይያዛል እንጂ አይመታም። ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ይዞ ወዲያው ለፖሊስ ማስረከብ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ያለው የፖሊስና የፍርድ ቤት ሥራ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ በአንቀጽ 20 ደግሞ እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ እንዲገመት ይደነግጋል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራስን ወይም ሌላውን ከጥቃት መከላከል ይፈቀዳል፤ የተያዘን፣ እጁን የሰጠን ሰው መደብደብ ግን መከላከል ሳይሆን ራሱ ወንጀል ነው።

ሁለተኛ፣ ሮንዱ የሰው ቤት አይፈትሽም። የቤት ክብር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተጠበቀ ነው። ለእኛ ለሙስሊሞች ደግሞ ሳያስፈቅዱ ወደ ሰው ቤት መግባትም፣ የሰውን ነውር መሰለልም በቁርኣን የተከለከለ ነው። ጥበቃና ስለላ አንድ አይደሉም።

ሦስተኛ፣ የቅሬ አባል ያልሆኑትም ይታወቁ። ተከራይ ተማሪዎች፣ የቀን ሠራተኞች፣ ከቀያቸው ተፈናቅለው የመጡ ወገኖች ስማቸው በደብተሩ ይግባ። ዓላማው እነርሱን መጠርጠር አይደለም፤ ጥበቃው ለእነርሱም እንዲሆን ነው። ተረኛው ያንን ተማሪ ቢያውቀው ኖሮ ጆንያውን ይዞለት ወደ ቤቱ ይሸኘው ነበር።

አራተኛ፣ ያልተረጋገጠ ስም በፌስቡክና በቴሌግራም አይለጠፍ። ወሬ ሲመጣ አጣሩ የተባልነው ሳናውቅ በሰዎች ላይ ጉዳት አድርሰን እንዳንጸጸት ነው።

አምስተኛ፣ ገዢ ከሌለ ሌባ የለም። ደረሰኝና ባለቤቱ የማይታወቅ ስልክ፣ ምልክቱ የተፋቀ በግ በርካሽ መግዛት ትርፍ አይደለም። የተሰረቀን ዕቃ እያወቁ መግዛት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 መሸሸግ ተብሎ ያስቀጣል። በሸሪዓውም ሐራም ነው።

የሁላችንም ሰፈር

ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) በኸሊፋነታቸው ዘመን ሌሊት ሌሊት በመዲና መንገዶች ይዞሩ እንደነበር የታሪክ መጻሕፍት ያስተላልፋሉ። ከዚያ ዙር ብዙ ጊዜ የሚነሳው ታሪክ የሌባ መያዝ ሳይሆን፣ የተራቡ ልጆቿን ለማስተኛት ውሃ ብቻ ያለበት ድስት እሳት ላይ የጣደችው እናት ታሪክ ነው። በጨለማ የሚዞር ሰው የሰፈሩን ችግር ያያል። የእኛም ሮንድ ማን ታሞ እንደሚያቃስት፣ የትኛው ቤት እሳት ሳይነድበት እንዳደረ፣ የትኛው ወጣት ሥራ አጥቶ መንገድ ላይ እንደሚያነጋ ያያል። ያየውን ለቅሬው ይንገር። አንድን ወጣት ሥራ ማስያዝ ከአሥር ጓጉንቸር ይበልጣል።

በወሎ ምድር በብዙ ቦታ ቅሬው ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ ያቀፈ ነው። ሮንዱም እንዲሁ ይሁን። በረመዳን እኛ ተራዊሕ ላይ ስንሆን ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የባዶ ቤታችንን መንገድ ይጠብቁ፤ እነርሱ በጥምቀትና በፋሲካ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ሲያድሩ እኛ የእነርሱን እንጠብቅ። ጎረቤቱ ከተንኮሉ ሰላም ያላገኘ ሰው ኢማኑ ምን ያህል እንደሚጎድል ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል፤ የጎረቤታችንን እምነት ግን ለይተው አልጠቀሱም።

እንግዲህ የሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ ሲደርስ፣ መዋጮው ተቆጥሮ ከማለቁ በፊት አንድ ሰው ተነስቶ «አንዲት እናት ሌሊት ብትጮህ ማን ይወጣል?» ብሎ ይጠይቅ። የዚያን ዕለት ማታ ስድስት ስሞች በደብተሩ ላይ ከተጻፉ ሥራው ተጀምሯል።

አላህ ከረሃብ የሚያበላን፣ ከፍርሃት የሚያሳርፈን እርሱ ነውና ለአገራችን ሰላሙን ያውርድልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።